ከቴሌግራም ያገኘሽውን የሰበር ቁጥር ይዘሽ ችሎት አትግቢ

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት ወጣት ጠበቃ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ፈቃድ ካወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቴሌግራም ላይ 23 የሕግ ግሩፕና ቻናል ውስጥ አለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ሲጮህ ይውላል። ይሄ ነገር ለሥራዬ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን እየበላው ነው? ሰው ለማወቅስ እንዴት ልጠቀምበት? ደግሞ የባላጋራዬን ፌስቡክ ገብቼ ባይ ነውር ነው?»

እህቴ፣ እኔ ሥራ ስጀምር ነጋሪት ጋዜጣ ለመግዛት አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ድረስ እሄድ ነበር። አንዳንዴ ደርሼ «አልቋል» ይሉኛል። የሰበር ውሳኔ (የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት ውሳኔ) ስፈልግ ደግሞ የታተመው ቅጽ ያለው ሰው ቢሮ ሄጄ፣ ሻይ ጋብዤ፣ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ ነው የምመለሰው። አንቺ ዛሬ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ሁሉም ስልክሽ ውስጥ አለ። ስለዚህ «ማኅበራዊ ሚዲያ የጠበቃ ቦታ አይደለም» ከሚሉት አንጋፋዎች ጋር አልስማማም። ቦታው ነው። ግን ምን ልታገኚበት እንደገባሽ ካላወቅሽ ያዋርድሻል።

እኔ የምጠቀምበት እንደ ጠቋሚ ነው። «እዚያ ጋ ፈልጊ፣ እገሌን ጠይቂ» ይልሻል፣ በቃ። ሰነዱ ጋ የምትደርሺው ራስሽ ሄደሽ ነው። ሰውዬውም ጋ እንደዚያው።

ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ክርክር ነበረኝ። ማታ ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ «ሰበር ሰሚ ችሎቱ ወሰነ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። የመዝገብ ቁጥር አለው፣ ቅጽ አለው፣ ሐሳቡም ለእኔ ጉዳይ ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ደስ ብሎኝ ቀዳሁትና ክርክሬ ውስጥ ከተትኩት። በቀጠሮው ቀን ዳኛው ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ ቀና ብለው «ጠበቃ፣ የጠቀሱት መዝገብ እኮ የድንበር ክርክር ነው» አሉኝ። ደንበኛዬ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። የምገባበት ጠፋኝ። በኋላ ሳጣራ ውሳኔው በእርግጥ አለ፣ ጽሑፉን የለጠፈው ሰው ቁጥሩን በእጁ ሲተይብ ሁለት አኃዝ አቀያይሮ ነው። እሱ ምን ቸገረው፤ ችሎት የቆምኩት እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን የሌለ ፍርድ ጠቅሰው 5,000 ዶላር ሲቀጡ ብዙ ሰው ስቆባቸዋል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ደግሞ በእኛ አገር የሰበር ቁጥር ቀልድ አይደለም። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም መሠረቱን አልለቀቀም፤ ሰባት ዳኞች ተሰይመው የቀድሞውን ትርጉም የሚለውጡበት መንገድም አለ። ስለዚህ ፖስቱ ላይ ያየሽው ውሳኔ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የለጠፈው ሰው ደግሞ ይሄን አይነግርሽም፤ ፖስቱ የአራት ዓመት ፖስት ነው፣ ዛሬ ሼር የተደረገው።

ርዕሱ እና ፍሬ ነገሩ እንዴት እንደሚራራቁ አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632ን ሳታውቂው አትቀሪም፣ ቅጽ 5 ላይ ያለው። የልጅ አስተዳደግ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰው «የሕፃኑ ጥቅም ከሁሉም ይቀድማል» ብሎ ይለጥፈዋል። ልክ ነው፣ ችሎቱ ሕገ መንግሥቱን እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን መሠረት አድርጎ ያንን ብሏል። ግን ውሳኔውን ከፍተሽ ስታነቢው ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ነች፣ ልጄን ልውሰድ ብሎ የመጣው በሕይወት ያለ አባት ነው፣ በመካከላቸው ደግሞ የብዙ ዓመት ታሪክ አለ። የአንቺ ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩ ባልና ሚስት ፍቺ ከሆነ፣ መርሁን ትጠቅሻለሽ እንጂ «ሰበር እንዲህ ብሎ ወስኗል» ብለሽ ማለፍ አትችዪም። ባላጋራሽ ፍሬ ነገሩን ያነበበ ዕለት ያፈርስብሻል። እንግዲህ ፖስት አየሽ? ቁጥሩን ብቻ ውሰጂና ሙሉ ውሳኔውን ከፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ወይም ከታተመው ቅጽ አውጪ። ፍሬ ነገሩን አንብቢ፣ ቀኑን እዪ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ነጥብ ላይ የተሰጠ ሌላ ውሳኔ ካለ ፈልጊ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅብሽ።

አዋጅ ላይም ያው ነው። ቴሌግራም ላይ ረቂቅ እንደ ሕግ ይዞራል። ሽፋኑ ላይ «ረቂቅ» የሚለውን አንዱ ቆርጦ ይጥለውና ቀሪውን ይልከዋል። ፋይሉን ስትከፍቺ «ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ» የሚለውን ራስጌ፣ የጋዜጣውን ቁጥርና ቀን፣ የገጽ ቁጥሩን እዪ። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ፍርድ ቤቶች ሁሉ ግንዛቤ የሚወስዱት (ማስረጃ ሳይጠይቁ እንደ ሕግ የሚቀበሉት) ነጋሪት ጋዜጣው ላይ የወጣውን ነው። በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ሲኖርም የሚጸናው አማርኛው ነው፤ እንግሊዝኛውን ብቻ አንብበሽ አትከራከሪ።

ቴሌግራም እውነት ወርቅ የሚሆነው ግን መመሪያና ሰርኩላር ላይ ነው። ጉምሩክ፣ ገቢዎች፣ መሬት አስተዳደር፣ ብሔራዊ ባንክ... የእነዚህን ደብዳቤ ድሮ በዘመድ ነበር የምናገኘው። ዛሬ ጠዋት የወጣች ሰርኩላር ከሰዓት ግሩፕ ላይ ናት። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አቃልለሽ አትዪው። ታዲያ ደንበኛሽ ላይ የተጠቀሰበትን መመሪያ ስታገኚ አንድ እርምጃ ጨምሪ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ በፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ በድረ ገጽ እንዲወጣ ያዛል። ግሩፕ ላይ ያገኘሽው መመሪያ የምዝገባ ቁጥር ከሌለውና የትም ድረ ገጽ ላይ ከጠፋ፣ እሱ ራሱ ክርክር ሊሆንሽ ይችላል። ብዙ ጠበቃ ፒዲኤፉን አውርዶ ይዘቱን ይከራከራል እንጂ ይሄን አያይም።

ስለ ፍለጋ ትንሽ ልበልሽ፣ ምክንያቱም ሁሉም «ፈልጌ አጣሁ» ነው የሚለው። የእኛ ፊደል ጉድ ነው። «ሕግ» ብለሽ ስትፈልጊ «ህግ» ብሎ የጻፈው አይመጣልሽም። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ዐቃቤ» እና «አቃቤ»፣ «ፀና» እና «ጸና»፣ ሁሉንም ለየብቻ ሞክሪ። «ሰበር» ብለሽ ብቻ ከፈለግሽ ደግሞ የዓለም ሰበር ዜና ይዘንብብሻል፤ «ሰ/መ/ቁ» (የሰበር መዝገብ ቁጥር) በዪ፣ ወይም ቁጥሩን ብቻ ጻፊ። በስካን የገባ ፒዲኤፍ ደግሞ ፎቶ ነው፣ ውስጡ ያለው ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ስታገኚ ወደ ሴቭድ ሜሴጅ ላኪውና ከሥሩ በራስሽ ቃል ጻፊበት፦ «ይርጋ፣ ብድር፣ ማቋረጥ» (ይርጋ፣ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ)። ከስድስት ወር በኋላ የምታመሰግኚው ራስሽን ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ነገር። ግሩፕ ላይ መጠየቅ።

አንድ የታዘብኩትን ላውራሽ። አንድ ወጣት ጠበቃ ብዙ ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ጥያቄ ለጠፈ። የብድር ውል ነው፣ መክፈያው ካለፈ አሥር ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል፣ ክስ አስገብቻለሁ፣ ተከሳሹ የዶሮ እርባታ ያለው ሰውዬ ነው፣ ከተማው እዚህ ነው፣ ይርጋውን የሚያቋርጥ ነገር ታውቃላችሁ? ስም አልጻፈም። ጥንቁቅ የሆነ መስሎታል። የተከሳሹ ጠበቃ ግን እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነበር፣ የመልስ ቀነ ገደቡም ገና አላለፈም። አንቺ እንደምታውቂው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 የውል ይርጋ አሥር ዓመት ነው፣ በቁጥር 1856 ደግሞ ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሳም። ተከራካሪው ካላነሳው ያልፋል። ያ የተከሳሽ ጠበቃ ነገሩን ልብ አላለውም ነበር፣ ራሱ ነው በኋላ እየሳቀ የነገረኝ። ፖስቱን ካየ በኋላ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244ን ጠቅሶ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ክሱ እንዲዘጋ የሚቀርብ ተቃውሞ) አድርጎ አስገባው። መዝገቡ ተዘጋ። ከሳሹ ገንዘቡን ያጣው በገዛ ጠበቃው ፖስት ነው።

እና ምን ላድርግ ካልሽ፣ ፍሬ ነገሩን ጣይውና የሕግ ጥያቄውን ብቻ አስቀሪ። «ባለዕዳ ዕዳውን በከፊል ሲከፍል በ1851 መሠረት ይርጋውን ያቋርጣል የሚል የሰበር ውሳኔ ታውቃላችሁ?» ይሄ ማንንም አይጠቁምም። ከዚያ ያለፈ ዝርዝር ካስፈለገሽ ለምታምኚው አንድ ሰው ደውዪ። የክስ ማመልከቻ፣ የፍርድ ግልባጭ፣ ካርታ ፎቶ አንስተሽ ግሩፕ ላይ በጭራሽ አትልቀቂ። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሚያስቀጣ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መጥቷል። ስሙን በጥቁር ቀለም ሸፍኛለሁ ትዪ ይሆናል። የቤት ቁጥሩ፣ የልጁ የትውልድ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥሩ ግን ቁጭ ብሎ ይታያል።

የባላጋራሽን ፌስቡክ ማየት ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ ለሁሉም ክፍት ያደረገውን ማየት ነውር የለውም። ገበያ መሃል ቆሞ የተናገረውን መስማት ማለት ነው። ነውሩ የሚጀምረው በር ስታንኳኪ ነው። በሌላ ስምና በሌላ ሰው ፎቶ አካውንት ከፍተሽ የጓደኝነት ጥያቄ መላክ፣ ወይም ጸሐፊሽን «እስኪ አንቺ ጠይቂው» ማለት አይሆንም። ጠበቃ ያለውን ሰው ኢንቦክስ ገብቶ ማናገርም እንደዚያው፣ በጠበቃው በኩል ሂጂ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው አስተያየት ቁጥር 466 ለጁሪነት (ፍርድ ለመስጠት ከሕዝብ) የሚመረጡ ሰዎችን ክፍት ገጽ ማየት ይቻላል፣ ያልተከፈተውን ለማየት ጥያቄ መላክ ግን አይቻልም ብሏል። እኛ ጋ ጁሪ የለም፤ መስመሩ ግን ለእኛም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ያየሽውን ማስረጃ ልታደርጊው ከሆነ ስክሪንሾት ብቻውን አይበቃም። «ፎቶሾፕ ነው» ይልሻል፣ ያበቃል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ላይ እከፍተዋለሁ፣ ከላይ አድራሻው፣ ከታች ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጌ ሙሉ ገጹን እይዛለሁ፣ ከፖስቱ ተነስቶ የባለቤቱ ገጽ ድረስ ያለውን ሁሉ። ሊንኩን ለብቻ እጽፋለሁ። ይሄን ስሠራ ጸሐፊዬ አጠገቤ ተቀምጣ ታያለች፤ ምክንያቱም ነገ ምስክር ካስፈለገ በገዛ መዝገቤ ላይ ጠበቃም ምስክርም መሆን አልፈልግም። የቴሌግራም ንግግር ከሆነ የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ንግግሩን በሙሉ ከነቀኑ ያወጣልሻል፤ ከመካከል የተቆረጠ ስክሪንሾት ከማቅረብ በብዙ ይሻላል። ደንበኛ ፎቶ ሲልክልሽ ደግሞ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በዪው። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ፎቶው የተነሳበትን ቀን የሚይዘው መረጃ አብሮ ይጠፋል። ይሄን ሳላውቅ ስንት ፎቶ ያለ ቀን እንደቀረብኝ!

የራስሽንም ደንበኛ ገጽ እዪ፣ በመጀመሪያው ቀን። ቀለብ ክርክር ላይ «ሥራ የለኝም፣ ገቢ የለኝም» ብሎ ያስጻፈሽ ሰውዬ ቲክቶክ ላይ አዲስ መኪና ላይ ተደግፎ ሊሆን ይችላል። ቀድመሽ ብታውቂው ይሻልሻል። ከዚህ በኋላ አትለጥፍ በዪው። ያለውን አጥፋ ግን አትበዪው፤ ማስረጃ አስጠፋች መባል ከመኪናው ፎቶ የባሰ ነው።

ሰው ማወቅን በተመለከተ፣ ጠበቃ የሚያስፈልገው ላይክ አይደለም። የሚያስፈልግሽ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ ስልኩን የሚያነሳልሽ አንድ አንድ ሰው ነው። የክልል ፍርድ ቤት የራሱ ፈቃድ አለው፣ የመሬት ሕጉ ከክልል ክልል ይለያያል፣ አዳማ ላይ የምትከራከሪው በአፋን ኦሮሞ ነው። ይሄን ሰው ደግሞ በግሩፕ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ማን ነው ጥያቄ ሲመጣ አንቀጽ ጠቅሶ፣ ውሳኔውን አያይዞ የሚመልሰው? ማን ነው «ይሄንን አላውቀውም» የሚለው? እነሱን ምልክት አድርጊባቸው። ብዙ የሚያወራውን ሳይሆን።

ከዚያ ስትጽፊለት «ሰላም» ብለሽ ልከሽ አትጠብቂ። እባክሽ። በቀን ስንት «ሰላም» እንደሚደርሰኝ ብታዪ! እመልሳለሁ፣ «እንዴት ነዎት» ይላል፣ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ጠፍቶ ማግስቱን «ሰላም» ይላል። እንዲህ በዪ፦ «ሰላም አቶ እገሌ። እገሊት እባላለሁ፣ አዲስ አበባ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። አዳማ የሚታይ የይዞታ ጉዳይ አለኝ፣ እዚያ የሚከራከር ጠበቃ እፈልጋለሁ። ነገ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢደውሉልኝ ወይም ብደውል ይመችዎታል?» በቃ። ሰውዬው በአንድ ጊዜ አንብቦ ይወስናል። ከዚያ ደግሞ ስልክ፣ ከዚያ ቡና። ልደታ ምድብ ችሎት በር ላይ ቀጠሮ ስትጠብቂ የምታገኚው ሰው ከ500 የሊንክድኢን ወዳጅ ይበልጣል፤ ዋናው ነገር ኦንላይን ያወቅሽውን ሰው በአካል ማወቅሽ ነው።

ዳኞች ጋ ግን ርቀትሽን ጠብቂ። አብሮሽ የተማረ ዳኛ ጓደኛ ቢኖርሽ ማንም አይከለክልሽም፤ መዝገብሽ እሱ ጋ እያለ ፎቶው ሥር ልብ መለጠፍ ግን ባላጋራሽ ስክሪንሾት አንስቶ «ዳኛው ይነሱልኝ» እንዲል መጋበዝ ነው። ክርክር ላይ ያለ ጉዳይም ገጽሽ ላይ አትጻፊ፣ በተለይ በተናደድሽበት ቀን።

ሊንክድኢን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያሉት ድርጅቶች፣ ባንኮች፣ የውጭ ባለሀብት የሚያማክሩ የጥብቅና ድርጅቶች ናቸው። አዲስ ሕግ ሲወጣ አንድ ገጽ ጻፊበት። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ሲከፍት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ማብራሪያ የጻፉ ወጣቶች ነበሩ፣ ሰው አወቃቸው። ረጅም አይሁን። አንድ አንቀጽ ያዢና በሥራ ላይ ምን እንደሚለውጥ አሳዪ።

ቲክቶክ? የሚያምርበት ሰው አለ፣ እኔ አይደለሁም። ብትገቢበት «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» አትበዪ፣ የደንበኛን ታሪክ ይዘሽ አትውጪ፣ ከመጀመርሽ በፊትም የጥብቅና አገልግሎት አዋጁን ቁጥር 1249/2013 እና የጠበቆችን የሥነ ምግባር ደንብ ስለ ማስታወቂያ የሚሉትን አንብቢ። ተከታይሽ ከ5,000 ሲያልፍ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አስቢ። ከዚያ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ ይከብዳል፣ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል።

በእነዚህ ገጾች ከሁሉም በላይ የሚመጣልሽ ሥራ ውጭ ካለው ሰው ነው። ዋሽንግተን፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ሆኖ ውርሱ የወንድሙ እጅ ላይ የቀረ፣ ቤቱ ያለ ፈቃዱ የተሸጠ፣ በቪዲዮ አይቶሽ ሌሊት የሚጽፍልሽ። አዝኖ ስለሚጽፍ በሜሴንጀር ብቻ ጉዳዩን እንድትጀምሪለት ይፈልጋል። አትጀምሪ። ፊቱን በቪዲዮ እዪ፣ ፓስፖርቱን እዪ፣ የጥብቅና ውል በጽሑፍ ይሁን። ውክልናው እዚያ ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተሠርቶ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ እስኪገባ ድረስ እጅሽ ባዶ ነው። ይርጋው ግን ይቆጥራል፤ ይሄን በመጀመሪያው መልእክትሽ ንገሪው። ከሥራ የተባረረ ዘመዱን ወክሎ የሚጽፍልሽም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ነው የሚታገደው፤ ኢንቦክስሽ ውስጥ «ሪኩዌስት» በሚለው ሥር ሳይነበብ አንድ ወር የተቀመጠ መልእክት ማለት አንድ ሦስተኛው ጊዜ ሄደ ማለት ነው። ያንን ሳጥን በሳምንት ሁለቴ ክፈቺው።

23ቱ ግሩፕ? የተቋማቱን ኦፊሴላዊ ቻናሎች ያዢ፣ ፍርድ ቤቱን፣ ፍትሕ ሚኒስቴርን፣ የጠበቆች ማኅበሩን፣ እና አንቺ በምትሠሪበት ዘርፍ ያለውን መሥሪያ ቤት። አንቀጽ የሚጠቀስባቸውን ሁለት ሦስት ግሩፖች ጨምሪባቸው። የቀሩትን ውጪ፤ መውጣት ካሳፈረሽ ድምፁን ዝጊው። ጠዋት ችሎት ሳትገቢ አንዴ፣ ማታ አንዴ ክፈቺ።

ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ። ብቻ «ሰላም» ብለሽ ልከሽ እንዳትጠፊ።